ምጣዱን ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ በ32 ልቀይረው?

ጥያቄ፦ «ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እንጀራ መጋገር ከጀመርን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የማድ ቤቱ 20 አምፔር ብሬከር ይወርዳል። በተለይ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አያስጋግረንም፤ በጠዋት ከሆነ ብዙ ጊዜ እስክንጨርስ ይቆያል። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅና ባለ አንድ ዓይን ምድጃ አለ። ሽቦው ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሲሆን ከኮርኒሱ በላይ ነው የሚያልፈው። የብሬከር ሳጥኑ ቆርቆሮ ነው፣ በረንዳ ላይ ወደ ምዕራብ ዞሮ ተሰቅሏል። የመጣው ኤሌክትሪሻን ‹ብሬከሩ ደክሟል፣ 32 አስገቡበት› አለን። ሐረር ያለችው እህቴ ግን ተመሳሳይ ብሬከርና ተመሳሳይ ምጣድ፣ ምድጃና ፍሪጅም እንደኛው በአንድ መስመር ላይ ይዛ አንድም ቀን አልወረደባትም። 32 ላስገባ? ትልቅ ብሬከር ቤቱን የበለጠ አይጠብቅም? የትኛው ብራንድ ይሻላል?»

መልስ፦ 32 አያስገቡ። ብሬከሩም አልደከመም፤ በጻፉት መሠረት ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። የእህትዎ ብሬከር የማይወርደው ከእርስዎ የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ሐረር ስለምትኖር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ብሬከር ምጣዱን አይጠብቅም፣ ፍሪጁንም አይጠብቅም፣ የተላጠ ሽቦ የነካ ሰውንም አያድንም። የሚጠብቀው በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ የተዘረጋውን ሽቦ ነው፤ ከመጠን በላይ ግሎ ልባሱ እንዳይቀልጥ። ስለዚህ «ትልቅ ብሬከር የበለጠ ይጠብቃል» የሚለው ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። ቁጥሩ ባደገ መጠን ሽቦው ላይ የሚፈቅደው ግለት ያድጋል። የብሬከሩ አምፔር ዕቃዎቹ በአንድ ላይ ከሚስቡት ማነስ የለበትም፣ ሽቦው ከሚችለው ደግሞ መብለጥ የለበትም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባ ብሬከር ከጠፋ የሚቀየረው ሽቦው ነው፣ ወይም ጭነቱ ይከፈላል።

አሁን የእርስዎን መስመር እንደምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። 3,800 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 17.3 አምፔር ይሆናል። 1,000 ዋት ምድጃ 4.5 አምፔር፣ ፍሪጁ እየሠራ ሲሆን 1 አምፔር ገደማ። ድምሩ 22.8 ነው። ምጣድዎ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ሌላ ዋት ከተናገረ በእሱ ይደምሩ፤ ከታች ያለው ስሌት ግን ብዙ አይለወጥም።

ብሬከር ውስጥ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ሲሞቅ የሚጎብጥ የሁለት ብረቶች ቅጠል ነው፤ ጭነት ሲበዛ ቀስ ብሎ ይሞቅና ይጥላል። ሌላው ጥቅልል ሽቦ ነው፤ ሾርት ሲፈጠር በቅጽበት ይጥላል። የእርስዎ ብሬከር 20 ደቂቃ ቆይቶ መውረዱ ብቻውን ብዙ ይነግረናል። ሾርት ቢሆን ኖሮ እጀታውን ወደ ላይ ባደረጉበት ቅጽበት ይመለስ ነበር። የቆየው ሙቀት እስኪጠራቀም ነው። የቤት ብሬከሮች የሚሠሩበት አይኢሲ 60898 የተባለው መስፈርት እንደሚለው፣ ብሬከር ከተጻፈበት ቁጥር 1.13 እጥፍ ቢያልፍበት ለአንድ ሰዓት መጣል የለበትም፤ 1.45 እጥፍ ካለፈበት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ መጣል አለበት። ይህ ግን በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው። ጠቅላላ ምስጢሩ እዚህች ቁጥር ላይ ነው ያለው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ የተለመደ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጡ 50 ዲግሪ ቢደርስ አይግረምዎ። ያ የብረት ቅጠል ገና ከረንት ሳያልፍበት በከፊል ጎብጧል ማለት ነው። 20 አምፔር የተባለው ብሬከር በ50 ዲግሪ እንደ 18 አምፔር ይሆናል፤ ግራና ቀኙ የተለጠፉት ብሬከሮች ስለሚያሞቁት ሌላ 10 በመቶ ቢያጣ ወደ 16 ይወርዳል። 22.8 አምፔር ለ16 ሲካፈል 1.4 ገደማ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቢጥል ልክ ነው። በጠዋት ሳጥኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ እስክትጨርሱ ይታገሳል። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቤት ውስጥ በተሰቀለ ሳጥን በ20 ዲግሪ ያ ብሬከር እንደ 21 አምፔር ይሆናል። ያው 22.8 ለ21 ሲካፈል ከ1.13 በታች ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቢጋገርም አይጥልም። እህትዎም ቢሆኑ ሽቦውን ወደ ጫፉ ወስደውታል፤ ብቻ ብሬከሩ አልነገራቸውም።

ሙቀት ብሬከሩን ብቻ ሳይሆን ሽቦውንም ይጎዳል። «ባለ 2.5 ሽቦ 24 አምፔር ይችላል» ሲባል የመዳብ ሽቦ፣ ተራ ፕላስቲክ ልባስ፣ በቱቦ ውስጥ፣ በ30 ዲግሪ ማለት ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ባለ 1.5 ሽቦ 17.5፣ ባለ 4 ሽቦ 32፣ ባለ 6 ሽቦ 41 አምፔር ይችላሉ። በ40 ዲግሪ እነዚህ ቁጥሮች በ0.87፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ በ0.71 ይባዛሉ። በአንድ ቱቦ ሁለት መስመር አብሮ ካለፈ እንደገና በ0.8 ይባዛሉ። የእርስዎ ሽቦ የሚያልፈው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ነው፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቦታ ወጥቶ የሠራ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ያውቀዋል። ባለ 2.5 ሽቦ እዚያ የሚችለው 17 አምፔር ብቻ ነው። ቱቦውን ከሌላ መስመር ጋር ከተጋራ 13.6።

ስለዚህ የወረደው ብሬከር ትክክል ነበር። ይልቁንም 20 አምፔሩ ራሱ ለዚያ ሽቦ በዚያ ቦታ በዝቶበታል። 32 ቢያስገቡ ምን ይሆናል? 22.8 አምፔር ለ32ቱ ምንም ማለት ስላልሆነ ብሬከሩ ዝም ይላል። ሽቦው ግን ዝም አይልም። የሽቦ ግለት በከረንቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፦ በ50 ዲግሪ አካባቢ 17 አምፔር ሽቦውን እስከ 70 ዲግሪ፣ ማለትም ተራው ልባስ እስከሚችለው ጣሪያ ያደርሰዋል፤ 22.8 አምፔር ደግሞ ወደ 86 ዲግሪ። ልባሱ በየ8 እስከ 10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜውን በግማሽ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። በመጀመሪያው ቀን አይቃጠልም። እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ አንድ ቀን አይጥ ሲነካው ወይም ኮርኒስ ሲጠገን ይረግፋል። በዚያ ላይ ሌላ ሰው ያንን 32 አይቶ «መስመሩ ትልቅ ነው» ብሎ ቦይለር ይጨምርበታል። የ32 ብሬከር በግድ የሚጥለው 46 አምፔር ሲደርስ ነው፣ ያውም በአንድ ሰዓት ውስጥ።

መስመሩ እስኪሠራ ድረስ ምጣዱ ሲበራ ምድጃውን ያጥፉ፣ ፍሪጁን በማራዘሚያ ወደ ሌላ ክፍል መስመር ያዙሩት፣ ሳጥኑ ላይ ጥላ ያድርጉ፣ በጠዋት ይጋግሩ። ይህ ማስታገሻ ነው፤ 17.3 አምፔር ብቻውን እንኳ የዚያን ሽቦ ጫፍ ይነካል።

መፍትሔው ለምጣዱ ከሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ነው፤ በመሃል አንድም ሶኬት ወይም መጋጠሚያ ሳይኖረው። ብሬከሩ 25 አምፔር ይሁን። በሞቀ ሳጥን ውስጥ እንኳ ከ20 በላይ ስለሚቀርለት የምጣዱን 17.3 ይሸከማል። ሽቦው እንደ መንገዱ ይለያያል። በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ብቻውን ወርዶ ማድ ቤት ከደረሰ ባለ 4 ሽቦ ይበቃል፤ በ40 ዲግሪ ወደ 28 አምፔር ይችላልና ከ25 በላይ ነው። ከቆርቆሮ ሥር ማለፍ ግድ ከሆነ ባለ 4 ሽቦ 22.7 ላይ ይወድቃል፣ ከብሬከሩ በታች ነው፤ ስለዚህ ባለ 6 ሽቦ፣ 29 አምፔር። በድሬዳዋ ግቢዎች ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ስለሆነ የእኔ ምክር ባለ 6 ነው። 25 ሜትር ርቀት ላይ ባለ 2.5 ሽቦ 6 ቮልት ያህል ሲበላ፣ ባለ 6 ከ3 ቮልት በታች ነው የሚበላው። ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ ሦስቱም እኩል ውፍረት ይኑራቸው። የኧርዝ ሽቦ «ለማስመሰል» በቀጭን መዘርጋት የቆየ ልማድ ነው፣ መቅረት አለበት።

ሶኬቱን አይርሱ። ተራው የግድግዳ ሶኬት 16 አምፔር ነው፤ 17.3 አምፔር ለሁለት ሰዓት ሲያልፍበት መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ሶኬቱና ፕለጉ ይጣበቃሉ። ብዙ ሰው «ምጣዱ ፕለግ ይበላል» የሚለው ይህንኑ ነው። ወይ ሰማያዊውን ባለ ሦስት እግር 32 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬት ያስገቡ፣ ወይም ፕለጉን አስቀርተው ምጣዱን ፌዝና ኒውትራል ሁለቱንም በሚቆርጥ 32 አምፔር ማብሪያ በቀጥታ ያገናኙት። ለምጣዱ ማራዘሚያ በምንም መንገድ አይሆንም።

ነባሩ መስመር ፍሪጁንና ምድጃውን ይዞ ይቀጥላል፤ ብሬከሩ ግን በ16 ይተካ። ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦና 10 አምፔር፣ ለሶኬቶች ባለ 2.5 ሽቦና 16 አምፔር በድሬዳዋ ሙቀት የሚበቃ ልክ ነው፤ 20 አምፔር በባለ 2.5 ላይ ሽቦው ከቆርቆሮ ሥር በማያልፍበት ቤት ብቻ ይሁን። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ሲሠራ ከ5 እስከ 6 አምፔር ነው የሚስበው፤ የራሱ ባለ 2.5 መስመርና 16 አምፔር ይበቃዋል።

ከአምፔሩ ቁጥር ፊት የምትጻፈው ፊደል የዋጋ ወይም የጥራት ደረጃ አይደለችም። ሾርት ሲሆን በስንት እጥፍ ከረንት ወዲያው እንደሚጥል ነው የምትናገረው፦ ቢ ከ3 እስከ 5፣ ሲ ከ5 እስከ 10፣ ዲ ከ10 እስከ 20 እጥፍ። ኤሲና ፍሪጅ ሞተር ስላላቸው ሲነሱ ለአፍታ ብዙ ይስባሉ፣ ሲ ይፈልጋሉ። ምጣድ፣ ምድጃና ቦይለር መነሻ ግፊት የላቸውም፣ ቢ ይበቃቸዋል፤ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ሲ ብቻ ከሆነም ችግር የለውም። ዲ ለብየዳ ማሽንና ለትልልቅ ሞተር ነው፤ «ጠንካራው ይሄ ነው» ብሎ ለቤት የሚሸጥልዎትን ነጋዴ አይስሙት።

በአራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን 3000፣ 4500፣ 6000 ወይም 10000 ደግሞ ማንም አያነብበውም፤ ሾርት ሲፈጠር ብሬከሩ ሳይፈነዳ ሊቆርጠው የሚችለው ከፍተኛ ከረንት ነው። ይህ ከትራንስፎርመሩ ርቀት ጋር ይያያዛል። 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር እግሩ ሥር 7,000 አምፔር ገደማ ሾርት ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ በሽቦው ርዝመት በፍጥነት ይቀንሳል። ለቤት 6000 ይግዙ። ቤትዎ ከትራንስፎርመር ምሰሶ አጠገብ ከሆነ ለዋናው ብሬከር 10000። 3000 የተጻፈበትን ይተዉት።

ሰውን የሚያድነው ሌላ ዕቃ ነው፦ «ቴስት» የምትል ቁልፍ ያለችበት አርሲዲ፣ ማለትም ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ። ይህ በድሬዳዋ ለምን የግድ እንደሆነ በቁጥር ይታያል። የምጣዱ ብረት ጠርዝ በብልሽት ፌዝ ነካ እንበል። ኧርዙ ግቢ ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ብቻ ከሆነ፣ ደረቅና አሸዋማ መሬት ላይ 20 ኦም ቢኖረው ራሱ ደህና ነው የሚባል ነው። 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር። 25 አምፔሩ ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ቆጥሮት አይንቀሳቀስም፤ ምጣዱ ግን ኤሌክትሪክ ይዞ ይቀመጣል። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ባነሰ መፍሰስ ወዲያው ይቆርጣል። በተቃራኒው አርሲዲ ብቻውን የጭነት ብዛትን አያይም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለምጣዱ መስመር ሁለቱን በአንድ አካል የያዘውን፣ 25 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር ቢያስገቡ ምጣዱ ሲያፈስ ፍሪጁ አብሮ አይጠፋም። ሌሎቹን መስመሮች 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር፣ ዓይነት ኤ የሆነ አንድ አርሲዲ ይይዛቸዋል። አርሲዲ ገብቶ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ከወረደ አርሲዲውን አያውጡት፤ ሸክላው እርጥበት ጠጥቷል ወይም የሽቦው ልባስ ተጎድቷልና ምጣዱ ይጠገን። ምንም ሳይሰካ ከወረደ ደግሞ የሁለት መስመር ኒውትራል የተቀላቀለበት ቦታ ይፈለግ።

ብራንድ ላይ አልፈርድም፤ ታዋቂው ስም ሁሉ አስመስሎ የተሠራበት አለ። ከታይዋን ገበያም ይግዙ ከቀፊራ ገበያ፣ እጅዎ ላይ ያለውን ይመርምሩ፦ ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ መሆን የለበትም፣ የመስፈርቱ ቁጥርና የአራት ማዕዘኑ ቁጥር መኖር አለባቸው፣ እጀታው ሲነሳና ሲወርድ በጥርት ቀጭ ማለት አለበት እንጂ እንደ ላስቲክ መለመጥ የለበትም። በመጠኑ እኩል ከሆኑ ሁለት ብሬከሮች በጣም የቀለለው ውስጡ መዳብ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ብሬከር አይግዙ፤ ስንት ሾርት እንደቆረጠ አይታወቅም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ከአንድ ፋብሪካ ቢሆኑ የጋራ ማገናኛ ብረቱ ልክ ይገጥማል።

ብሬከር የማይችለውንም ይወቁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት፣ ወይም ኒውትራል ተበጥሶ 220 የነበረው ወደ 380 ሲጠጋ፣ ብሬከር አያየውም። ለዚያ የቮልቴጅ መከላከያ ለብቻው ይገባል። ሌላው ገደብ ቆጣሪው ነው። ምጣዱ፣ ቦይለሩና ኤሲው አንድ ላይ ሲበሩ ከቆጣሪው ጋር ያለው ዋና ብሬከር የሚወርድ ከሆነ የፈቀዱልዎት አቅም አልቋል ማለት ነው። ያ ብሬከርና ፕሎምቡ (የቆጣሪው ማሸጊያ) የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ማንም እንዲነካው አይፍቀዱ፣ አቅም ማሳደጊያ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይጠይቁ።

ሥራው ሲሠራ ሳጥኑ ከምዕራብ ግድግዳው ተነስቶ ወደ ሳሎን ወይም ጥላ ወዳለበት ግድግዳ ይግባ፤ ከምጣዱ መስመር ቀጥሎ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። የቤቱ ዋና ብሬከር ፌዝና ኒውትራል ሁለቱንም የሚቆርጥ ይሁን፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው የተገናኙባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ አንድ እግር ብቻ የሚቆርጥ ብሬከር ወርዶም ሽቦው ፌዝ ይዞ ሊቀር ይችላል። ሠራተኛው ዋናውን ካጠፋ በኋላ በቴስተር ሳይፈትሽ እጁን እንዳያስገባ። ሽቦው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይላጥ፤ ካጠረ ብሎኑ ልባሱን ይነክሳል፣ ከረዘመ እርቃኑ ይወጣል። ብሎኑ በደንብ ይጠበቅ፤ የላላ ብሎን ሙቀት ስለሚፈጥር ብሬከሩን ጭነት ሳይበዛ ያስጥለዋል፣ «ብሬከሩ ደክሟል» ከሚባሉት ብዙዎቹ በአንድ የብሎን ዙር የሚድኑ ናቸው።

ካለቀ በኋላ የአርሲዲዎቹን ቴስት ቁልፎች ይጫኑ፣ ወዲያው መውረድ አለባቸው፤ ይህን በየወሩ ይድገሙት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ ምጣዱን አንድ ሰዓት ሙሉ አብርተው የእጅዎን ጀርባ የሳጥኑ ክዳን ሳይከፈት በብሬከሮቹ ፊት ላይ ያሳልፉ። የምጣዱ ብሬከር ለብ ማለቱ ጤና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ዋናውን ያጥፉና ሠራተኛው ተመልሶ ያንን ብሎን ይፈትሽ።